እንዶድ፦ ለጋቢ ሳሙና፣ ለሆድ መርዝ

የዚህ ዕትም የአንባቢያን ጥያቄና መልስ ዓምድ በአንድ ተክል ላይ ብቻ ያተኩራል። ከአራት ኪሎ፣ ከፒያሳና ከስድስት ኪሎ የደረሱን ደብዳቤዎች ተራርቀው ቢጻፉም ሁሉም የሚጠይቁት ስለ እንዶድ ነው። ከመካከላቸው አንዱ ሳይውል ሳያድር መልስ ማግኘት ያለበት ሆኖ ስላገኘነው አንድ ላይ አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጅ፣ የምንኖረው አራት ኪሎ፣ ከግንፍሌ ወንዝ ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ ነው። በጓሮ አጥራችን ላይ ማንም ሳይተክለው የበቀለ ሐረግ አለ። ብንቆርጠውም ዝናብ ሲጥል ከሥሩ መልሶ ያቆጠቁጣል። በየዓመቱ ረዘም ባለ ዘለላ ላይ ነጣ ያሉ ጥቃቅን አበቦች ያወጣል፤ ነገር ግን አንድም ጊዜ አፍርቶ አያውቅም። የባለቤቴ እናት ከመንዝ ሲመጡ አይተውት፣ «ይሄማ እንዶድ ነው፤ እኛ ጋቢ የምናጥብበት» አሉኝ። እንዶድ ከሆነ ለምን አያፈራም? ፍሬውን ብናገኝስ ጋቢና ነጠላ እንዴት ይታጠብበታል? እሳቸው ዓይናቸው ስለደከመ በእጃቸው ሊያሳዩኝ አልቻሉም። (አንዲት አንባቢ፣ አራት ኪሎ)

መልስ፦ ከደብዳቤዎ ጋር የላኳቸውን ፎቶግራፎች ተመልክተናል፤ አማትዎ ትክክል ናቸው። ቅጠሉ ሞላላ፣ ጫፉ ሾል ያለ፣ ዳር ዳሩ ጥርስ የሌለውና ወፈር ብሎ የሚለሰልስ ነው፤ በግንዱ ላይም ፊት ለፊት ተጣምሮ ሳይሆን አንዱ ከአንዱ ከፍ ብሎ እየተፈራረቀ ይወጣል። ይህን ልብ ማለት የሚጠቅመው በአዲስ አበባ አጥሮች ላይ ከእንዶድ ጋር ተጠላልፎ የሚያድገው አዞ ሐረግ ብዙ ሰዎችን ስለሚያሳስት ነው። የአዞ ሐረግ ቅጠሎች ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚወጡና የተከፋፈሉ ናቸው፤ አበባው ሲረግፍም በቦታው እንደ ላባ የሚነጣ ጭራ ያለው ዘር ይተካል። የእርስዎ ሐረግ ይህ የለበትም።

እንዶድ በሳይንሳዊ ስሙ ፊቶላካ ዶዴካንድራ ይባላል፤ በኦሮምኛ ሃንዶዴ፣ በትግርኛ ደግሞ ሽብቲ ይሉታል። ከሰሐራ በታች ባሉ ብዙ የአፍሪካ አገሮችና በማዳጋስካር ይበቅላል። በአገራችን በተለይ በደጋና በወይና ደጋ በጫካ ጠርዝ፣ በወንዝ ዳር፣ በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥርና በቤት አጥር ላይ የሚገኝ፣ ሥሩ መሬት ውስጥ ለዓመታት የሚቆይ፣ ደጋፊ ካገኘ ብዙ ሜትር ወደ ላይ የሚወጣ ሐረግ ነው። ቆርጠውት መልሶ የሚያቆጠቁጠውም ሥሩ ስለማይሞት ነው፤ የግንፍሌና የቀበና ወንዞች ዳርቻ እርጥበትም በእጅጉ ይስማማዋል።

የማያፈራበት ምክንያት እንዲህ ነው። እንዶድ ወንዴና ሴቴ አበቦቹን በተለያዩ ተክሎች ላይ የሚያወጣ ዕፅ ነው። ወንዴው በየዓመቱ ያብባል፣ የአበባ ዱቄት ይሰጣል፣ ከዚያ አበባው ይረግፋል እንጂ ፍሬ አያፈራም። ፍሬ የሚያፈራው ሴቴው ብቻ ነው፤ እሱም በአቅራቢያው ወንዴ ካለ ነው። በላኩልን ፎቶግራፍ ላይ የሚታዩት አበቦች መሐላቸው በወንዴ ዘንጎች የታጨቀና የፍሬ እንቡጥ የሌለበት ስለሆነ የእርስዎ ተክል ወንዴ ነው። በሴቴው አበባ መሐል ግን ገና ከመጀመሪያው አራት ወይም አምስት ክፋዮች ያሉት ትንሽ አረንጓዴ እንቡጥ ይታያል፤ ያ እንቡጥ አድጎ ክፋዮቹ በግልጽ የሚለዩበት እንደ ኮከብ ያለ ፍሬ ይሆናል። ፍሬው ጥሬ ሳለ አረንጓዴ ነው፤ ሲበስል ወደ ሮዝና ወደ ቀይ ይለወጣል።

ስለዚህ ወንዴውን ነቅለው አይጣሉት። ፍሬ የሚሰጥ ሴቴ ካላት ጎረቤት ቅርንጫፍ ለምነው፣ የእርሳስ ውፍረት ያለውን ክፍል ቆርጠው በእርጥብ አፈር ቢተክሉት ሥር ይሰዳል። ከዘር ማብቀልም ይቻላል፤ ሆኖም የበቀለው ችግኝ ወንዴ ይሁን ሴቴ እስኪያብብ ድረስ አይታወቅምና ቅርንጫፍ መትከሉ ያዋጣል።

ወደ እጥበቱ እንምጣ። በዚህ ጉዳይ ላይ ሰፋ አድርገን እንድንጽፍ ያደረገን፣ ዕውቀቱ በእናቶች እጅ ብቻ ያለና በቃል ካልተላለፈ የሚጠፋ በመሆኑ ነው። ፍሬው የሚለቀመው መጠኑን ከሞላ በኋላ፣ ነገር ግን ሳይቀላ፣ ገና አረንጓዴ ሳለ ነው፤ የማጽዳት ኃይሉ የሚበረታው ያኔ ነው፤ ከቀላ በኋላ ደግሞ ወፎች ይቀድማሉ። የተለቀመው ፍሬ በሰሌን ወይም በንጹሕ ጨርቅ ላይ ተሰጥቶ በፀሐይ ሲደርቅ ጠቁሮ እንደ ዘቢብ ይሸበሸባል። በደንብ የደረቀ ፍሬ እርጥበት በማይገባበት ዕቃ ከተቀመጠ ረጅም ጊዜ ይቆያል። መርካቶ ከቅመምና ከባህል መድኃኒት ነጋዴዎች ዘንድ የሚሸጠውም ይኸው የደረቀ ፍሬ ነው፤ ሲገዙ ያልሻገተውንና አቧራና ጠጠር ያልበዛበትን ይምረጡ።

ፍሬው የሚወቀጥበት ሙቀጫ ለቡና ወይም ለበርበሬ የሚያገለግለው መሆን የለበትም፤ ለእንዶድ ብቻ የተለየ ይሁን። ሲወቀጥ የሚነሣው ዱቄት አፍንጫን ይኮረኩራል፣ ያስነጥሳል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ያቃጥላል፤ ስለዚህ አፍና አፍንጫን በነጠላ ሸፍኖ፣ ሕፃናትን አርቆ፣ ነፋስ በማይበዛበት ቦታ መውቀጥ ይገባል። የተወቀጠውን አንድ ሁለት እፍኝ በስስ ጨርቅ ቋጥረው ውሃ በያዘ ሳፋ ውስጥ ይንከሩትና በእጅዎ እያሹ ይጭመቁት። ውሃው በመጀመሪያ ይደፈርሳል፣ ቀጥሎ ነጭና ወፍራም አረፋ ከላዩ ይነሣል፤ አረፋው በእጅ ሲታፈስ ቶሎ የማይጠፋ ከሆነ ደርሷል ማለት ነው። ጨርቁን የሚቋጥሩበት ምክንያት የፍሬው ገለባ በጥለቱና በፈትሉ መካከል እንዳይሰገሰግ ነው፤ አንዴ ከገባ ከጋቢ ላይ መልቀም አድካሚ ነው።

ጋቢው በቅድሚያ በንጹሕ ውሃ ተነክሮ አቧራው ይለቅ። ከዚያ በእንዶዱ ውሃ ውስጥ ጥቂት ቆይቶ፣ ነጠላ ከሆነ በእጅ፣ ጋቢ ወይም ቡሉኮ ከሆነ በእግር እየተረገጠ ይታጠባል። በገጠር በወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ እንደሚደረገው ሁሉ፣ በከተማም በሰፊ ሳፋ ውስጥ በታጠበ እግር መርገጥ ይቻላል። የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ማለቅለቁ ላይ ነው፤ ውሃው አረፋ መስጠት እስኪያቆም ደጋግሞ ማለቅለቅ፣ ሳይጠመዝዙ ጨምቆ ፀሐይ ላይ ማስጣት ያስፈልጋል። እናቶች የሚመሰክሩለት ጠቀሜታው የጥለቱን ቀለም ሳያደበዝዝ ነጩን ማንጣቱ ነው። በረኪና በተደጋጋሚ የነካው የጥጥ ልብስ እየሳሳና እየተቀደደ እንደሚሄድ የሸማ ባለቤቶች ሁሉ ያውቁታል፤ በእጅ ለተፈተለ ጥጥ እንዶድን የምንመርጥበትም ምክንያት ይኸው ነው።

እንዶድ ይህን ሁሉ የሚያደርገው ፍሬው ውስጥ ባሉ ሳፖኒን በሚባሉ ንጥረ ነገሮች አማካይነት ነው። የሳፖኒን አንዱ ወገን ውሃን፣ ሌላው ወገን ቅባትን የሚይዝ በመሆኑ እድፉን ከፈትሉ አላቆ ወደ ውሃው ያወጣዋል። ይህን ጠባዩን አንባቢያን በአእምሯቸው እንዲይዙት እንለምናለን፤ ቀጥለው የሚመጡት ጥያቄዎች ሁሉ መልሳቸው ከዚሁ ይመነጫልና።

ጥያቄ፦ የሥራ ባልደረባዬ ከመርካቶ እንዶድ ገዝታ «ለኮሶ ትል በጥብጬ እጠጣዋለሁ» ትላለች። ሌላ የምናውቃት ሴት ደግሞ ወር አበባ ሲቀር እንደሚጠጣ፣ የእብድ ውሻ ለነከሰውም እንደሚሰጥ ነገረቻት። የጥንት መድኃኒት ነውና አይጎዳም ይላሉ። እውነት ነው? (አንባቢ፣ ፒያሳ)

መልስ፦ አትጠጣው። ይህን መልስ ከዚህ ገጽ በፊት በስልክ አድርሰንልዎታል፤ እዚህ የምንደግመው ተመሳሳይ ምክር የደረሳቸው ሌሎች ሰዎች ስለሚኖሩ ነው።

እንዶድ በአባቶችና በእናቶች ሕክምና ውስጥ ለአንጀት ትል፣ ለጨብጥ፣ ለወባ፣ ለእከክና ለጭርት፣ ለእብድ ውሻ ንክሻ፣ ከብቶች ውሃ ሲጠጡ አፍንጫቸው ውስጥ ለሚገባ አልቅትም ጭምር ሲሰጥ የኖረ መሆኑ አይካድም። ቅጠሉም፣ ሥሩም፣ ፍሬውም ለየራሱ አገልግሎት ውሏል። ነገር ግን አንድ ነገር ለረጅም ዘመን ተሠርቶበታል ማለት ጉዳት አላደረሰም ማለት አይደለም። መድኃኒቱን ጠጥቶ የተረፈው ሰው ታሪኩን ለልጅ ልጁ ይናገራል፤ ያልተረፈው አይናገርም። አዋቂዎቹ ራሳቸውም እንዶድን የሚፈሩት ዕፅ ነበር፤ መጠኑንም በጥንቃቄ ለመለካት ይሞክሩ ነበር። ሆኖም በፍሬው ውስጥ ያለው የመርዝ መጠን እንደ ተክሉ ዓይነት፣ እንደ አፈሩና እንደ ለቀማው ጊዜ ስለሚለያይ፣ ትናንት ማንንም ያልጎዳ አንድ ማንኪያ ዛሬ ሊገድል ይችላል።

ቀደም ብለን ሳፖኒን ቅባትን ይይዛል ብለናል። የሰውነታችን ሕዋሳት ሽፋን ደግሞ በአብዛኛው ከቅባት የተሠራ ነው። ሳፖኒኑ የጨጓራንና የአንጀትን ውስጠኛ ልባስ ያቆስላል፤ ብርቱ ትውከት፣ የሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ያስከትላል። ወደ ደም ከዘለቀም በቀይ የደም ሕዋሳት ሽፋን ውስጥ ካለው ኮሌስትሮል ጋር ተጣብቆ ሕዋሳቱን ያፈነዳል። ሰውየው ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው «ትሉን አጠበው» የሚባለው ብዙውን ጊዜ መመረዙ ነው።

ባልደረባዎ የኮሶ ትል ከያዛት፣ ይህ ጥሬ ሥጋ በሚወደድበት ከተማችን የተለመደ ሕመም ነውና ማፈር አያስፈልጋትም፤ በአቅራቢያዋ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄዳ ሰገራዋን ትመርመር። እንደ ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል ያሉ፣ በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰዱና ውጤታቸው የታወቀ መድኃኒቶች አሉ።

ስለ ሁለተኛው ጉዳይ በግልጽ መናገር ግዴታችን ነው። ጽንስ ለማቋረጥ እንዶድ የጠጡ ሴቶች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ዕፁ ማሕፀንን የሚነካው ከሌላው አካል ለይቶ አይደለም፤ እናቲቱን ከነጨጓራዋና ከነደሟ ይመርዛል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ጽንስ በሕክምና እንዲቋረጥ የሚፈቅድባቸው ሁኔታዎች አሉ፤ ከነዚህም መካከል እርግዝናው በአስገድዶ መድፈር ወይም በቅርብ ዘመዳሞች መካከል በተፈጸመ ግንኙነት የመጣ ሲሆን፣ የእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ላይ ሲወድቅና በዕድሜዋ ወይም በአካልና በአእምሮ ሁኔታዋ ልጅ ለማሳደግ ያልተዘጋጀች ስትሆን ይገኙበታል። የተጨነቀች እህት፣ ልጅ ወይም የቤት ሠራተኛ ካለች ወደ ጤና ተቋም አብረዋት ይሂዱ፤ ባለሙያዎቹ ሳይፈርዱባት ሊያማክሯት ይገባል።

የእብድ ውሻ ንክሻም እንዲሁ ጊዜ አይሰጥም። ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፣ ከዚያም በዚያው ቀን ለክትባት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም፤ በእንዶድ የሚባክነው ቀን የክትባቱ ቀን ነው።

ማንም ሰው እንዶድ ጠጥቶ ከተገኘ በግድ እንዲያስመልስ አይደረግ፤ የተረፈውን ፍሬ ወይም ብጥብጥ ከነዕቃው ይዞ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል መውሰድ ይገባል፤ ሐኪሞቹ ምን እንደተጠጣ ማወቃቸው ይረዳቸዋል። ጭርትና እከክ ላይ መቀባቱ እንደ መጠጣቱ ባያሰጋም፣ የተቆጣ ወይም የተቧጨረ ቆዳን የሚያቃጥል ስለሆነ፣ በተለይ በሕፃናት ላይ ባይሞከር እንመርጣለን።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ዶ/ር አክሊሉ ለማ በእንዶድ የቢልሃርዝያን መድኃኒት አገኙ ሲባል እሰማለሁ። በእርግጥ ያገኙት ምንድን ነው? ይህን ያህል ጠቃሚ ከሆነስ ለምን በየወንዙ አልተሠራበትም? (አንባቢ፣ ስድስት ኪሎ)

መልስ፦ በቅድሚያ አንድ እርማት እናድርግ። ዶ/ር አክሊሉ ያገኙት በሽተኛው የሚውጠውን መድኃኒት ሳይሆን በሽታውን የምታስተላልፈውን ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ከላይ እንዳስጠነቀቅነው እንዶድ ጠጥቶ ከቢልሃርዝያ የሚድን ሰው የለም።

የቢልሃርዝያ ትል ዕንቁላል ከታመመ ሰው በሰገራ ወይም በሽንት ወጥቶ ውሃ ውስጥ ይገባል። ከዕንቁላሉ የሚፈለፈለው ጥቃቅን ፍጡር በሕይወት ለመቀጠል በውሃ ውስጥ የምትኖር አንዲት የቀንድ አውጣ ዓይነት ማግኘት አለበት። በእሷ አካል ውስጥ ተባዝቶ ይወጣና ልብስ ለማጠብ፣ ለመዋኘት ወይም መስኖ ለማጠጣት ውሃ ውስጥ የገባውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ቀንድ አውጣዋ ከሌለች ሰንሰለቱ ይበጠሳል።

እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ተመራማሪ አክሊሉ ለማ አድዋ አካባቢ የእነዚህን ቀንድ አውጣዎች ሥርጭት ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው የውሃ ክፍል የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በርከት ብለው አዩ። ከእጥበቱ ቦታ ከፍ ብሎ ካለው ውሃ ሕያዋን ቀንድ አውጣዎች ሰብስበው በዕቃ ካደረጉ በኋላ፣ ከአጣቢዎቹ አንዷ የእንዶዱን አረፋ እንድትጨምርበት ጠየቁ፤ ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። ከዚያ በኋላ የመጣው የቤተ ሙከራ ሥራ ሁሉ የተመሠረተው በዚያ የወንዝ ዳር ሙከራ ላይ ነው። በእኛ እምነት ግኝቱ የሁለት ወገን ነው፦ እንዶድን ለብዙ ትውልድ ይዘው የቆዩት አጣቢ ሴቶችና፣ ሌላው አይቶ የሚያልፈውን ነገር ቆም ብሎ የጠየቀው ሳይንቲስት።

ምርምሩ በዚህ አልቆመም። በአድዋ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በተካሄደው የመስክ ሙከራ ወንዞቹ በእንዶድ እየታከሙ ሲቆዩ፣ በሽታው የተገኘባቸው ነዋሪዎች ድርሻ ከ63 በመቶ ወደ 33 በመቶ ወረደ፤ በትንንሽ ሕፃናት ዘንድ ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ አለ። ሕፃናቱ ላይ ለውጡ የጎላው አብዛኞቹ በሙከራው ዘመን የተወለዱና ገና በበሽታው ያልተያዙ በመሆናቸው ነው፤ እንዶዱ ከሰው አካል ውስጥ ያለውን ትል አያወጣም፣ አዲስ መያዝን ነው የሚገታው። በአሜሪካ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም ከፍሬው ተነጥሎ የወጣው ገዳይ ንጥረ ነገርም በዶ/ር አክሊሉ ስም ለማቶክሲን ተባለ።

አሠራሩ ራሱ ሊደነቅ የሚገባው ነው። ባልተፈጨው ፍሬ ውስጥ ሳፖኒኑ በሁለት በኩል በስኳር ሰንሰለት ተጠፍሮ ቀንድ አውጣ የመግደል ኃይል ሳይኖረው ይቀመጣል። ፍሬው ተፈጭቶ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው እዚያው ፍሬው ውስጥ ያለ ኢንዛይም አንደኛውን ሰንሰለት ይቆርጠዋል፤ ያን ጊዜ መርዙ ይነቃል። ለዚህ ነው ለቀንድ አውጣ ማጥፊያ የሚዘጋጀው እንዶድ በቀዝቃዛ ውሃ የሚዘፈዘፈው። ውሃ ውስጥ ከገባ በኋላ ደግሞ በጥቂት ቀናት ይበሰብሳል እንጂ ለዓመታት አይከማችም። የተክሉን አስተዳደግ ያጠኑት ዶ/ር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች የተሰበሰቡ የእንዶድ ዓይነቶችን አወዳድረው፣ ኃይሉ የበረታውን ኢ-44 የተባለ ዓይነት መርጠዋል። ሁለቱ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን በጋራ ተቀብለዋል።

ታዲያ ለምን በየወንዙ አልተሠራበትም? ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ዓለም አቀፍ የጤና ተቋማትና ገንዘብ ለጋሾች በራሳቸው ደረጃ የተከናወነ የመርዛማነት ምርመራ ካልቀረበ አንደግፍም አሉ፤ ያ ምርመራ የጠየቀው ገንዘብና የቤተ ሙከራ አቅም ደግሞ በአገር ውስጥ አልነበረም። በካናዳ የዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ ጥናቱ ሲካሄድ ግኝቱ ከታወቀ ሁለት ዐሥርት ዓመታት አልፎ ነበር። ዶ/ር አክሊሉ ይህን መጓተት የአፍሪካ ሳይንቲስት ሥራ በአፍሪካ ቤተ ሙከራ ከተሠራ አይታመንም የሚል አመለካከት ውጤት አድርገው በይፋ ተችተዋል፤ እኛም ትችታቸው ተገቢ ነበር ብለን እናምናለን። በመካከሉ ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን መጣ፤ የበሽታው መቆጣጠሪያ ስልትም ቀንድ አውጣን ከመግደል ይልቅ ሰውን ወደ ማከም አዘነበለ። ክኒኑ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ነገር ግን የታከመው ልጅ በማግሥቱ ወደዚያው ውሃ ሲገባ እንደገና ይያዛል፤ ስለዚህ የቀንድ አውጣው ጥያቄ አሁንም አልተዘጋም።

የእንዶድ ታሪክ ሌላም ምዕራፍ አለው። በሰሜን አሜሪካ የታላላቅ ሐይቆች ውሃ መቅጃ ቱቦዎችን እየደፈነ ያስቸገረውን ዜብራ መስል የተባለ ባለ ቅርፊት እንስሳ እንዶድ እንደሚገድለው ሲታወቅ፣ የአሜሪካው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በዚያ አጠቃቀም ላይ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ። ዶ/ር አክሊሉ በሥራው ውስጥ ቢኖሩበትም፣ የተክሉንና የዕውቀቱን ምንጭ የሆነው ሕዝብ ድርሻው ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ብዙ ክርክር አስነሥቷል። እርስዎ ተማሪ ስለሆኑ ይህን ጉዳይ ለመመረቂያ ጽሑፍዎ እንዲያስቡበት እንመክራለን። ዶ/ር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1997 አርፈዋል፤ የመሠረቱት የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው ይጠራል።

ጥያቄ፦ በጓሮዬ ሰላጣና ጎመን የሚበሉ ቀንድ አውጣዎች አስቸግረውኛል። የእንዶድ ውሃ ብረጭባቸውስ? (አንባቢ፣ ካዛንቺስ)

መልስ፦ አንመክርም። እንዶድ በደንብ የተፈተነው በውሃ ውስጥ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ላይ ነው፤ እነሱ ሙሉ አካላቸው በተበጠበጠው መርዝ ውስጥ ይዘፈቃል፤ የጓሮዎቹ ግን እንዲያ አይደሉም። ለሚበላ ቅጠል ላይ መርጨትም ተገቢ አይደለም። ማታ በባትሪ ብርሃን እየለቀሙ ማስወገድ ይሻላል። በእንዶድ ልብስ ያጠቡ አንባቢያንም ውሃውን ዓሣ ወዳለበት ኩሬ ወይም ወደ ወንዝ አይድፉት፤ ዓሣን በስንጥቡ በኩል ይገድላል። ከሚበላ አትክልት ርቆ በሚገኝ አፈር ላይ መድፋት ይበቃል።

ጥያቄ፦ አጥራችን ላይ ያለው ሐረግ በእርግጥ እንዶድ መሆኑን ማን ያረጋግጥልናል? ፎቶግራፍ የምናነሣበት ጥሩ ስልክ የለንም። (አንባቢ፣ ቀበና)

መልስ፦ በአራት ኪሎ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ሳይንስ ግቢ ውስጥ ብሔራዊ የዕፅዋት ቤተ መዘክር፣ በተለምዶ ሄርባሪየም የሚባለው፣ ይገኛል። ከመላ አገሪቱ የተሰበሰቡ የደረቁ የዕፅዋት ናሙናዎች እዚያ ተጠብቀው የሚቀመጡ ሲሆን፣ ባለሙያዎቹ የማይታወቅ ተክልን ከናሙናዎቹ ጋር አስተያይተው ይለያሉ። ቅጠል ብቻ ይዞ መሄድ አይበቃም። አበባ ወይም ፍሬ ያለውና የክንድ ያህል የሚረዝም ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ፣ ቅጠሉ ሳይጠወልግ በጋዜጣ መካከል ዘርግታችሁ፣ በላዩ ከባድ ነገር አድርጋችሁ አንድ ሁለት ቀን አቆዩት፤ ጋዜጣው ሲርስ በደረቅ ይቀየር። በቁራጭ ወረቀት ላይ የት እንደበቀለ፣ ቁመቱን፣ የአበባውን ቀለምና ያነሣችሁበትን ቀን ጽፋችሁ አብራችሁ ውሰዱ። ከአንድ በላይ ሐረግ ካላችሁ ናሙናዎቹን ለየብቻ በተለያየ ጋዜጣ አድርጓቸው፤ ወንዴና ሴቴው በአንድ ላይ ከተቀላቀሉ የትኛው ከየትኛው ሐረግ እንደተቆረጠ በኋላ ለመለየት ያስቸግራል።